የይለፍ ቃል ሲረሳ፤ የመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተርን በአግባቡ መልሶ ለመክፈት

የዓመት ዕረፍቱን አጠናቆ ወይም ከረዥም የመስክ ሥራ ተመልሶ ቢሮው የገባ ሠራተኛ ኮምፒዩተሩን አብርቶ የይለፍ ቃሉን ሲያስገባ «የተሳሳተ ነው» የሚል ምላሽ ማግኘቱ በየመሥሪያ ቤቱ የተለመደ ክስተት ነው፡፡ ሠራተኛው ደጋግሞ ይሞክራል፡፡ የልጁን ስም፣ የልደት ዘመኑን፣ የቀድሞውን ቃል እያፈራረቀ ያስገባል፡፡ ጭንቀቱ ያለምክንያት አይደለም፤ በዕለቱ ለበላይ አካል መቅረብ ያለበት የሩብ ዓመት ሪፖርት፣ የጨረታ ግምገማ ቃለ ጉባኤ ወይም ለወራት የተለፋበት ረቂቅ መመሪያ ያለው በዚያው ኮምፒዩተር ውስጥ ነው፡፡

በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰነድን ለጥፋት የሚዳርገው የቃሉ መረሳት ብቻ ሳይሆን ከዚያ በኋላ የሚደረገው ጥድፊያ ጭምር ነው፡፡ «ፓስወርድ» በሚለው የእንግሊዝኛ ስሙ ይበልጥ የሚታወቀው የይለፍ ቃል ቢረሳም በሕጋዊና አስተማማኝ መንገድ ወደ ኮምፒዩተሩ መመለስ ይቻላል፡፡ መንገዱ በቀላሉ የሚገኘው ግን አስቀድሞ ለተዘጋጀ ሠራተኛና መሥሪያ ቤት ነው፡፡

የይለፍ ቃል በኮምፒዩተር ላይ ጥቅም ላይ ከዋለባቸው የመጀመሪያዎቹ ሥርዓቶች አንዱ እ.ኤ.አ በ1961 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ይፋ የሆነው ነው፡፡ በፈርናንዶ ኮርባቶ መሪነት የተሠራው ይህ ሥርዓት አንድን ትልቅ ኮምፒዩተር ለብዙ ተጠቃሚዎች በአንድ ጊዜ የሚያካፍል ስለነበር የእያንዳንዱን ተመራማሪ ፋይል ከሌላው መለየት አስፈልጎ ነበር፡፡ ሆኖም ቃላቱ እንዳሉ ተጽፈው በአንድ ፋይል ውስጥ ይቀመጡ ነበርና እ.ኤ.አ በ1962 ከተፈቀደለት በላይ የኮምፒዩተር ሰዓት የፈለገ አንድ ተማሪ ፋይሉን በማተሚያ አስወጥቶ የሁሉንም ተጠቃሚዎች ቃል በእጁ ለማስገባት ችሏል፡፡ ከጥቂት ዓመታት በኋላም በአሠራር ስህተት ይኸው ዝርዝር ወደ ሥርዓቱ ለገቡ ተጠቃሚዎች ሁሉ ሊታይ በቅቷል፡፡

የዛሬው አሠራር ከዚህ የተለየ ነው፡፡ ዊንዶውስን የመሳሰሉ ሥርዓቶች የመግቢያ ቃሉን እንዳለ አያስቀምጡም፡፡ በሒሳብ ቀመር አሳልፈው ትርጉም ወደሌለው የፊደልና የቁጥር ድርድር ይለውጡትና የሚይዙት ያንን ብቻ ነው፡፡ እህል ተፈጭቶ ዱቄት ከሆነ በኋላ ተመልሶ እህል እንደማይሆን ሁሉ ከድርድሩ ተነስቶ በቀጥታ ወደ ቃሉ መመለስ አይቻልም፡፡ ተጠቃሚው በገባ ቁጥር ኮምፒዩተሩ አዲስ የተጻፈውን ቃል በዚያው ቀመር አሳልፎ ቀደም ሲል ከያዘው ጋር ያመሳክራል፡፡ በመሆኑም «የረሳሁትን ቃል ንገሩኝ» የሚል ጥያቄ ለአይሲቲ ባለሙያ ቢቀርብ መልስ አይገኝለትም፤ ቃሉን ባለሙያውም፣ ኮምፒዩተሩም አያውቁትም፡፡ የሚቻለው አሮጌውን ሽሮ በአዲስ መተካት ነው፡፡ ቃሉን ራሱን ፈልጌ አወጣለሁ የሚል ሰው ካለ በግምት እየሞከረ ነው ማለት ነው፤ ግምቱ ከተሳካለትም ቃሉ ድሮውንም ደካማ ነበር፡፡

ወደ መተካት ከመሄድ በፊት ቃሉ በእርግጥ መረሳቱን ማረጋገጥ ይገባል፡፡ ሠራተኛው የሚያስታውሰውን ቃል በትክክል እየጻፈ ኮምፒዩተሩ ሌላ ፊደል እየተቀበለ ሊሆን ይችላልና፡፡ «ካፕስ ሎክ» የተባለው ቁልፍ ሳይታወቅ ተጭኖ ትንንሾቹ የእንግሊዝኛ ፊደላት ሁሉ በትልልቁ መጻፋቸው ብዙዎችን የሚያጋጥም ነው፡፡ በአንዳንድ አሮጌ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ «ነም ሎክ» ሲበራ በቀኝ በኩል ያሉ ፊደላት ወደ ቁጥር ይለወጣሉ፡፡ ዊንዶውስ እ.ኤ.አ በ2007 ለገበያ ከቀረበው ቪስታ ጀምሮ የአማርኛ የፊደል ገበታን አካትቶ የያዘ በመሆኑም በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ከአንድ በላይ ገበታ መኖሩ የተለመደ ሆኗል፡፡ በመግቢያው ገጽ ላይ የተመረጠው ገበታ የትኛው እንደሆነ በታችኛው የቀኝ ጥግ ከሚታየው ምልክት መረዳት ይቻላል፡፡ ለጀርመን ገበያ በተሠራ የፊደል ገበታ ላይ «ዋይ» እና «ዜድ»፣ ለፈረንሳይ በተሠራው ላይ «ኤ» እና «ኪው» ቦታ መለዋወጣቸውም ከውጭ በእርዳታ የመጡ ኮምፒዩተሮችን ለሚጠቀሙ መሥሪያ ቤቶች መታወስ ያለበት ነው፡፡ በመጻፊያው ሳጥን ጠርዝ ላይ የሚታየውን የዓይን ምስል ተጭኖ የተጻፈውን ቃል ማንበብ አብዛኛውን እንቆቅልሽ ይፈታል፡፡ በእርግጥ ይህ የሚደረገው ከጀርባ ቆሞ የሚመለከት ሰው አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ ነው፡፡

ሌላው የመርሳት ምክንያት ከአማርኛ አጻጻፍ ጋር የተያያዘ ነው፡፡ የአማርኛ ቃል መርጠው በእንግሊዝኛ ፊደላት የሚጽፉ ተጠቃሚዎች ጥቂት አይደሉም፡፡ «ፀሐይ» የሚለውን ቃል አንዱ በ«ቲ» እና በ«ኤስ»፣ ሌላው በ«ኤስ» ብቻ ይጀምረዋል፡፡ «ቀ»ን አንዱ በ«ኬ»፣ ሌላው በ«ኪው» ይጽፈዋል፡፡ እንዲህ ያለው ሠራተኛ ቃሉን አልረሳም፤ የረሳው ባለፈው ጊዜ የተጠቀመበትን የፊደል አጣጣል ነው፡፡ አማራጮቹን በወረቀት ላይ ዘርዝሮ በተራ መሞከርና ከዚያ ወረቀቱን ማስወገድ አንድ መፍትሔ ሊሆን ይችላል፡፡ ይሁን እንጂ ሙከራው ሲበዛ አካውንቱ ለጊዜው እንደሚቆለፍ መታወቅ አለበት፡፡ እ.ኤ.አ በ2022 ከወጣው የዊንዶውስ 11 ዕትም ወዲህ አዲስ በተጫኑ ኮምፒዩተሮች ላይ 10 ጊዜ መሳሳት ለ10 ደቂቃ ያስቆልፋል፤ መሥሪያ ቤቶች ከዚህ የጠበቀ ገደብ ሊያስቀምጡ ይችላሉ፡፡

ቃሉ በእርግጥ ከተረሳ ቀጣዩ ጥያቄ አካውንቱ የት ነው የተመዘገበው የሚለው ነው፡፡ አንዳንዱ አካውንት በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ብቻ የተከፈተ ነው፡፡ ሌላው ከመሥሪያ ቤቱ ማዕከላዊ ሰርቨር ጋር የተሳሰረ ነው፡፡ ሦስተኛው ዓይነት በኢንተርኔት አማካይነት ከማይክሮሶፍት ኩባንያ ጋር የተያያዘው ነው፡፡ ለአንዱ የሚሠራው መፍትሔ ለሌላው ስለማይሠራ ይህንን ሳይለዩ የሚጀመር ሙከራ ጊዜ ከማባከን አያልፍም፡፡

በኮምፒዩተሩ ላይ ብቻ ለተከፈተ አካውንት ከሁሉ የተሻለው ዋስትና የይለፍ ቃል መመለሻ ፍላሽ ነው፡፡ ዊንዶውስ ይህንን ፍላሽ በተጠቃሚዎች አካውንት ማስተካከያ ገጽ በኩል እንዲዘጋጅ ያስችላል፤ ሥራው ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚጠይቅ ነው፡፡ ቃሉ ከዚያ በኋላ በተደጋጋሚ ቢለወጥም ፍላሹ ማገልገሉን አያቆምም፡፡ ታዲያ ፍላሹን ያገኘ ሰው ሁሉ ኮምፒዩተሩን ሊከፍት ስለሚችል በጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ሳይሆን ቁልፍ ባለው ካዝና መቀመጥ ይኖርበታል፡፡ ቃሉ ከተረሳ በኋላ ግን ፍላሹን ማዘጋጀት አይቻልም፡፡

እ.ኤ.አ ከ2018 ወዲህ በወጡት የዊንዶውስ ዕትሞች የዚህ ዓይነት አካውንት ሲከፈት ሦስት የደኅንነት ጥያቄዎች ይጠየቃሉ፤ ቃሉን የረሳ ተጠቃሚም ለእነዚህ መልስ በመስጠት አዲስ ቃል መተካት ይችላል፡፡ መንገዱ ቀላል ነው፤ ቀላልነቱ ግን ለሌላ ሰውም ጭምር ነው፡፡ እ.ኤ.አ በ2008 ለአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንትነት ዕጩ የነበሩት የአላስካ ገዥ ሳራ ፔሊን የግል ኢሜይል የተከፈተው የደኅንነት ጥያቄዎቻቸው መልስ በኢንተርኔት ላይ በይፋ የሚገኝ በመሆኑ ነበር፡፡ በኢትዮጵያ ደግሞ የሰው የአባቱና የአያቱ ስም ከራሱ ስም ጋር አብሮ የሚጠራ ነው፡፡ የትውልድ ቦታና የተማሩበት ትምህርት ቤት በግል ማህደር ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል፤ የሥራ ባልደረባም ያውቀዋል፡፡ ስለዚህ መልሱ እውነት መሆን የለበትም፡፡ ለትውልድ ቦታ ጥያቄ ከጉዳዩ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ሐረግ መልስ ሆኖ ቢሰጥ ኮምፒዩተሩ አይከራከርም፤ ባለቤቱ ማስታወሱ ብቻ በቂ ነው፡፡

ከሁለቱም አንዱ ካልተዘጋጀ በዚያው ኮምፒዩተር ላይ የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ያለው ሌላ አካውንት የተረሳውን ቃል ሊተካ ይችላል፡፡ በዚህ ላይ በብዙዎች ዘንድ የማይታወቅ አደጋ አለ፡፡ ሠራተኛው ፋይሎቹን በዊንዶውስ የፋይል ምሥጠራ ዘዴ ቆልፏቸው ከነበረ አስተዳዳሪው ቃሉን በተካበት ቅጽበት ፋይሎቹን የማንበብ መብቱን ሊያጣ ይችላል፡፡ በኮምፒዩተሩ ላይ ያስቀመጣቸው ሌሎች የይለፍ ቃላትም አብረው ይጠፋሉ፡፡ ዊንዶውስ ይህንኑ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ያሳያል፤ በጥድፊያ ላይ ያለ ሰው ግን ማስጠንቀቂያውን ሳያነብ ያልፈዋል፡፡ በመመለሻ ፍላሹ የሚደረገው ለውጥ ይህን ጉዳት አያስከትልም፡፡

ከማዕከላዊ ሰርቨር ጋር የተሳሰረ አካውንት ያለው ሠራተኛ ሥራው ከዚህ የቀለለ ነው፡፡ የአይሲቲ ክፍሉ በሰርቨሩ ላይ ጊዜያዊ ቃል ይሰጠዋል፤ ሠራተኛውም በመጀመሪያ መግቢያው ላይ የራሱን እንዲተካ ይገደዳል፡፡ ላፕቶፑን ይዞ መስክ ለወጣ ኃላፊ ግን አንድ ችግር አለ፡፡ ላፕቶፑ ከመሥሪያ ቤቱ ኔትወርክ ውጭ እስካለ ድረስ የሚያውቀው መጨረሻ የተገባበትን አሮጌ ቃል ነው፡፡ አዲስ አበባ ላይ ቃሉ ቢተካም ለውጡ መስክ ላይ ላለው ላፕቶፕ የሚደርሰው ከመሥሪያ ቤቱ ኔትወርክ ጋር ሲገናኝ ብቻ ነው፡፡

እዚህ ላይ ለኃላፊዎች ቅር ሊያሰኝ የሚችል አሠራር መነሳቱ አይቀርም፡፡ በስልክ «ቃሌን ለውጡልኝ» የሚል ዳይሬክተር መታወቂያ ወይም በአካል መቅረብ ሲጠየቅ እንደ ድፍረት ሊቆጥረው አይገባም፡፡ እ.ኤ.አ በ2025 ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር የተባለው የብሪታኒያ ታላቅ የችርቻሮ ኩባንያ የደረሰበት ጥቃት የተጀመረው ወንጀለኞች ሌላ ሰው መስለው በመቅረባቸው እንደሆነ የኩባንያው ሊቀመንበር ለአገሪቱ ፓርላማ ገልጸዋል፡፡ ኩባንያው ጥቃቱ ከትርፉ ላይ 300 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል እንደሚያሳጣው ገምቷል፡፡ የተረሳ ቃልን የሚተካ ሠራተኛ የመሥሪያ ቤቱን በር የሚከፍት ዘበኛ ነው፤ ማንነትን ሳያረጋግጥ ፈጥኖ የሚከፍት ከሆነ ለሌባም ፈጥኖ ይከፍታል፡፡

ከማይክሮሶፍት ጋር የተያያዘው ሦስተኛው ዓይነት አካውንት በሌላ ኮምፒዩተር ወይም በተንቀሳቃሽ ስልክ አማካይነት ወደ ተመዘገበ የስልክ ቁጥር ወይም ሁለተኛ ኢሜይል በሚላክ የምሥጢር ቁጥር ይመለሳል፡፡ የሚያስቸግረው የተመዘገበው ስልክ ከዓመታት በፊት የተተወ ሲሆን ነው፡፡ ሲም ካርድ የለወጠ ሰው ቁጥሩን በዚያው ዕለት በአካውንቱ ላይ ማስተካከል ይጠበቅበታል፡፡ የመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተርን በሠራተኛ የግል ኢሜይል መክፈት ደግሞ ከመጀመሪያው ሊፈቀድ የማይገባ ነው፤ ሠራተኛው ሲለቅ የኮምፒዩተሩ ቁልፍ አብሮት ይሄዳል፡፡

ከእነዚህ ውጭ ያለው አማራጭ ብዙዎች ቀድመው የሚሮጡበት ነው፤ ኮምፒዩተሩን ወደ ጥገና ሱቅ መውሰድ፡፡ ይህ ልማድ የመጣው ድጋፉ እ.ኤ.አ ሚያዝያ 2014 ላይ ከተቋረጠው ከዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ነው፡፡ ያኔ በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ የአስተዳዳሪው አካውንት ያለ ምንም ቃል ክፍት ሆኖ ይቀር ስለነበር ነገሩን የሚያውቅ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ይገባ ነበር፡፡ አሁን እንዲህ ያለው ዕድል ሲጠብ ሱቁ የሚያቀርበው መፍትሔ ብዙውን ጊዜ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ነው፡፡ ሥራው ያለ ጥንቃቄ ከተሠራ ዲስኩ ይጸዳል፤ ሰነዱም አብሮ ይጠፋል፡፡ ሰነዱ ቢተርፍ እንኳ የሠራተኞች ደመወዝ፣ የዜጎች አቤቱታ ወይም ያልተከፈተ ጨረታ ዋጋ በማያውቁት ሰው እጅ አድሯል ማለት ነው፡፡ በ2008 ዓ.ም የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሆን ብሎ ያለፈቃድ ወይም ከተሰጠ ፈቃድ ውጭ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትን በወንጀልነት ይደነግጋል፡፡ በመሆኑም የሌላ ባልደረባን ኮምፒዩተር «ሥራ እንዳይበደል» በሚል በራስ ፈቃድ መክፈት በቅንነት ቢደረግም የጽሑፍ ፈቃድ ያሻዋል፡፡

የዲስክ ምሥጠራ መስፋፋት ደግሞ ነገሩን ሙሉ በሙሉ ለውጦታል፡፡ «ቢትሎከር» የተባለው የማይክሮሶፍት ቴክኖሎጂ የዲስኩን ይዘት በሙሉ ይመሰጥራል፡፡ እ.ኤ.አ በ2024 ከወጣው የዊንዶውስ 11 ዕትም ወዲህ በማይክሮሶፍት አካውንት በሚከፈቱ በርካታ አዳዲስ ኮምፒዩተሮች ላይ ምሥጠራው ተጠቃሚው ሳያዘው ይጀመራል፡፡ ኮምፒዩተሩ ዋና ሰሌዳው ሲለወጥ ወይም የመነሻ ፕሮግራሙ ሲታደስ በ8 ምድብ የተከፈለ ባለ 48 አኃዝ የመመለሻ ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል፡፡ የመግቢያ ቃሉን በትክክል ማስታወስ በዚህ ጊዜ አይጠቅምም፡፡ ቁልፉ ከጠፋ የማይክሮሶፍት ኩባንያ ራሱ መልሶ ሊፈጥረው አይችልም፤ ዲስኩን አውጥቶ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ መሰካትም ዋጋ የለውም፡፡

የዚህ ቁልፍ ጠቀሜታ ለዓለም የታየው እ.ኤ.አ ጁላይ 19 ቀን 2024 ነበር፡፡ ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ሶፍትዌር ኩባንያ ባሰራጨው የተሳሳተ ማሻሻያ ምክንያት በማይክሮሶፍት ግምት 8 ነጥብ 5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች ሥራ አቁመዋል፡፡ በረራዎች ተሰርዘዋል፤ ሆስፒታሎችና ባንኮች ተስተጓጉለዋል፡፡ መፍትሔው አንድ ፋይል መሰረዝ ብቻ ነበር፤ ነገር ግን ዲስካቸው የተመሰጠረ ኮምፒዩተሮች በመጀመሪያ 48ቱን አኃዝ ይጠይቁ ነበር፡፡ ቁልፎቹን በወረቀት ወይም በተለየ ቦታ ያስቀመጡ ተቋማት በአንጻራዊነት ፈጥነው ሲመለሱ ቁልፎቹን በዚያው ሥራ ባቆመ ሰርቨር ላይ ያኖሩት በመጀመሪያ ሰርቨሩን ማስነሳት ነበረባቸው፡፡

የይለፍ ቃሉ የሠራተኛው ነው፤ ሥራው ግን የመሥሪያ ቤቱ ነው፡፡ ይህ ልዩነት በጊዜው ካልተለየ ምን እንደሚያስከትል የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ አስተዳደር እ.ኤ.አ በ2008 ተመልክቷል፡፡ የአስተዳደሩን ማዕከላዊ ኔትወርክ ይመራ የነበረ አንድ መሐንዲስ ከአለቆቹ ጋር በመጋጨቱ የኔትወርኩን የይለፍ ቃላት አልሰጥም አለ፡፡ ታሰረ፤ ቢሆንም አልሰጠም፡፡ ኔትወርኩ መሥራቱን ባያቆምም ለቀናት ሊያስተዳድረው የሚችል ሌላ ሰው አልነበረም፡፡ በመጨረሻ ከንቲባው ጋቪን ኒውሰም ራሳቸው እስር ቤት ድረስ ሄደው ቃላቱን ተቀብለዋል፡፡ መሐንዲሱ እ.ኤ.አ በ2010 የ4 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል፡፡ ግለሰቡ መቀጣቱ ተገቢ ነው ቢባል እንኳ የአንድን ትልቅ ከተማ ኔትወርክ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ እንዲቀመጥ የፈቀደው አሠራር ጥፋት አብሮ መታየት አለበት፡፡

በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛ ሲለቅ ወይም ሲዛወር ርክክብ ይደረጋል፤ ክሊራንስ ይሞላል፡፡ ወንበር፣ ካልኩሌተር፣ መታወቂያ፣ የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ሳይቀር ይጠየቃል፡፡ የኮምፒዩተሩ አካውንትና በውስጡ ያለው ሰነድ ግን በቅጹ ላይ ቦታ ከሌለው ኮምፒዩተሩ በንብረት ቁጥሩ ብቻ ተመልሶ ይዘቱ ተቆልፎ ይቀራል፡፡ ሠራተኛው የግል ቃሉን ለሌላ ሰው መስጠት የለበትም፤ የሚያስፈልገው ሰነዱን ለተተኪው ማስተላለፍና አካውንቱ በአይሲቲ ክፍሉ መዘጋቱን ማስፈረም ነው፡፡ የአስተዳዳሪው አካውንት ቃልና የቢትሎከር ቁልፎች ግን የመሥሪያ ቤቱ ስለሆኑ በታሸገ ፖስታ ሁለት ሰዎች በሚከፍቱት ካዝና እንዲቀመጡ፣ ፖስታው በተከፈተ ቁጥርም በመዝገብ እንዲሰፍር ማድረግ ይቻላል፡፡ ወረቀት በዚህ ሥራ ላይ አሮጌ ዘዴ አይደለም፤ መብራት ሲጠፋም፣ ሰርቨር ሲወድቅም ይነበባል፡፡ ችግር የሚሆነው ወረቀቱ በኮምፒዩተሩ ስክሪን ጠርዝ ላይ ሲለጠፍ ነው፡፡

ሠራተኞች ቃላቸውን በተደጋጋሚ እንዲረሱ ከሚያደርጉ ምክንያቶች አንዱ መሥሪያ ቤቶች በየሦስት ወሩ ቃል እንዲለወጥ ማስገደዳቸው ነው፡፡ የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ በ2017 ባወጣው መመሪያ ቃሉ እንደተሰረቀ የሚያሳይ ምልክት ከሌለ በጊዜ ገደብ ማስለወጥ አያስፈልግም የሚል አቋም ይዟል፡፡ ምክንያቱም የተገደደ ሰው በአሮጌው ቃል መጨረሻ ላይ አንድ ቁጥር ከመጨመር የዘለለ ለውጥ አያደርግም፡፡ በምትኩ የሚመከረው ረዥም ቃል ነው፤ ግንኙነት የሌላቸው አራት ወይም አምስት ቃላት ተከታትለው ቢጻፉ ለማስታወስ ቀላል፣ ለመገመት ከባድ ይሆናሉ፡፡ የታወቀ ምሳሌያዊ አነጋገር ወይም የመዝሙር ስንኝ ግን ሌላውም ስለሚያውቀው አይመከርም፡፡ የአማርኛ ቃላት የሚመረጡ ከሆነም በእንግሊዝኛ ፊደላት ሲጻፉ አንድ ዓይነት አጻጻፍ ብቻ ያላቸውን መምረጥ ይበጃል፡፡

ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 በማብቃቱ ኮምፒዩተሮቻቸውን የሚያሻሽሉ መሥሪያ ቤቶች ከሥራው በፊት በእያንዳንዱ ኮምፒዩተር ላይ ቢትሎከር መብራት አለመብራቱን በመቆጣጠሪያ ገጹ ማየት ይኖርባቸዋል፡፡ በርቶ ከተገኘ 48ቱ አኃዝ ከኮምፒዩተሩ የንብረት ቁጥር ጋር ታትመው ወደ ካዝናው መግባት አለባቸው፡፡ ለጥገና የሚላክ ኮምፒዩተርም ሰነዶቹ ወደ ሌላ ቦታ ከተገለበጡና ቁልፉ መኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ ቢወጣ ተመልሶ ሲመጣ የመከፈቱ ነገር አያጠራጥርም፡፡